የሙታን ዕዳ፦ ስለ ጎቲክ ድርሰት የሚባለውና እውነታው

ተረት፦ ጎቲክ ድርሰት አንባቢን ለማስፈራራት ብቻ የተጻፈ የመናፍስት ወሬ ነው።

እውነታ፦ የዘርፉ በኩር የሚባለውን «የኦትራንቶ ግንብ»ን እንመልከት። እንግሊዛዊው ሆራስ ዎልፖል በ1764 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ስሙን ደብቆ፣ ከጥንታዊ የጣሊያን መጽሐፍ የተተረጎመ አስመስሎ ነው። የመስፍኑ የማንፍሬድ ወንድ ልጅ በሠርጉ ቀን ግዙፍ የብረት ቁር ወድቆበት ይሞታል። ከንቱ ማስደንገጫ ይመስላል፤ ሆኖም የማንፍሬድ አያት ግንቡን የወረሰው የግንቡን ጌታ መርዞ ነበር። የታሪኩ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ቅድመ አያት ያፈሰሰውን ደም ልጅ ይከፍላል። የተመረዘው ሰው መንፈስ የሚመጣው ዕዳውን ሊያስታውስ ነው።

ተረት፦ የጎቲክ ድርሰት ምንጩ ጎቶች የተባሉት ጥንታዊ የጀርመን ነገዶች ናቸው።

እውነታ፦ ጎቶች ሮምን የዘረፉት በ410 እ.ኤ.አ. ነው። እነዚህ መጻሕፍት የመጡት ከ1300 ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። ዎልፖልም በሁለተኛው እትም መግቢያ ላይ አርአያው ሼክስፒር መሆኑን ተናግሯል።

ተረት፦ እንዲህ ያለ ነገር ከእኛ ጋር አይገናኝም።

እውነታ፦ በ1928 ዓ.ም. አምቦ አጠገብ፣ ቦዳ የተወለደው ጸሐፌ ተውኔት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የሼክስፒርን «ሃምሌት»ንና «ማክቤዝ»ን ወደ አማርኛ መልሷል። የተገደለ አባት መንፈስ ልጁን የሚያስጨንቅበትን ተውኔት ቃል በቃል ያውቀዋል ማለት ነው። ጸጋዬን ጎቲክ ጸሐፊ ማለት ስሕተት ይሆናል፤ ከዎልፖል ጋር ግን ከአንድ ምንጭ ቀድተዋል። በእንግሊዝኛ ጽፎ በ1965 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ባሳተመው «ኦዳ ኦክ ኦራክል» በተባለው የኦዳ ዛፍ ተውኔት፣ ሻንካ የተባለ ጎልማሳ ኡኩቴ የምትባል ሴት እንዲያገባ፣ የበኩር ልጃቸውም ለአባቶች መንፈስ እንዲሠዋ ይፈረድበታል። ሻንካ ልጁን ላለመስጠት ሚስቱን ሳይነካ ይኖራል። ኡኩቴ ከጓደኛው ከጎአ ትፀንሳለች፤ መከራውም ከዚያ ይጀምራል።

ተረት፦ ተውኔቱ የኦሮሞን እምነት እንዳለ ያሳያል።

እውነታ፦ ይህን አጥብቆ ማረም ይገባል። በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት የኦዳ ዛፍ ሸንጎ የሚቀመጥበት፣ ሕግ የሚደነገግበት ጥላ ነው። ከታወቁት አንዱ ኦዳ ቢሲል አምቦ ባለችበት በምዕራብ ሸዋ ይገኛል። የበኩር ልጅ መሥዋዕቱ ደራሲው ለመድረክ የፈጠረው ነው፤ ተውኔቱን እንደ ባህል ጥናት ማንበብ ጸጋዬንም ገዳንም ይበድላል።

ሁለቱ ደራስያን የሚለያዩት በፍጻሜው ነው። ዎልፖል ግንቡን ለትክክለኛው ወራሽ መልሶ ዕዳውን ይዘጋል። ጸጋዬ ግን ኡኩቴን በምጥ ይገድላታል፤ የምትወለደውም ሴት ናት፤ የአባቶች ዕዳም ሳይከፈል ይቀራል። ከሁለቱ የጸጋዬ የሚከብደኝ ለዚህ ነው።