አይቱታኪ

አይቱታኪ በደቡብ ሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ ከኩክ ደሴቶች አንዷ ናት። ከዋናዋ ደሴት ከራሮቶንጋ ወደ ሰሜን 260 ኪ.ሜ. ያህል ትርቃለች፤ በትንሽ አውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይደረሳል። ይበልጥ የምትታወቀው በላጉኗ፣ ማለትም በኮራል አጥር በተከበበው ጥልቀት የሌለው የባሕር ውሃ ነው። ጎብኚዎች ወደዚያ የሚሄዱት ለመዋኘትና ለስኖርክሊንግ ነው። ስኖርክሊንግ የመስተዋት ጭምብልና የመተንፈሻ ቱቦ አድርጎ፣ ፊትን ውሃ ውስጥ እንዳደረጉ እየተንሳፈፉ የባሕሩን ወለል ማየት ነው።

አፈጣጠር

ደሴቷ የጥንት እሳተ ገሞራ ቅሪት ናት። ከፍተኛው ኮረብታ ማውንጋ ፑ 123 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ቻርለስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1842 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ እሳተ ገሞራው ቀስ በቀስ ሲሰምጥ በዙሪያው ያለው ኮራል ወደ ብርሃን እያደገ ይሄዳል። በመጨረሻ ተራራው ጠፍቶ የኮራሉ ቀለበት ብቻ ይቀራል። አይቱታኪ በዚህ ሂደት መካከል ላይ ትገኛለች። የኮራል አጥሯ ሦስት ማዕዘን ሲሆን፣ በላዩ «ሞቱ» የሚባሉ ትንንሽ ደሴቶች ተሰልፈዋል።

ታሪክ

ካፒቴን ዊልያም ብላይ ደሴቷን ያየው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 11 ቀን 1789 ነው። ከ17 ቀናት በኋላ የመርከቡ የባውንቲ ሠራተኞች አመፁበት። ከ1951 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. ከኒው ዚላንድ ወደ ታሂቲ የሚበሩ፣ ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅ ለመሙላት በአካያሚ ሞቱ አጠገብ ያርፉ ነበር። መንገደኞቹም እስኪሞላ ድረስ ይዋኙ ነበር።

ሌላዋ ታዋቂ ሞቱ ታፑዋኤታይ ትባላለች፤ ትርጉሙ «አንድ የእግር ዱካ» ነው። በአፈ ታሪክ መሠረት ከአሳዳጆች የሸሸ አባት የልጁን ዱካ በራሱ ዱካ ደፍኖ ልጁን ዛፍ ላይ ደበቀው። አባትየው ተገደለ፤ ልጁ ግን ተረፈ።

በውሃው ውስጥ

ኮራል ድንጋይ ቢመስልም የጥቃቅን እንስሳት ሥራ ነው። በውስጣቸው የሚኖረው አልጌ ከብርሃን ምግብ ይሠራላቸዋል። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ አልጌው ይለያቸዋል፤ ኮራሉም ይነጣል፣ ሙቀቱ ከቀጠለም ይሞታል። የበቀቀን ዓሣ ኮራሉን እየፋቀ ይበላል፤ የፈጨው ኮራል ነጭ አሸዋ ሆኖ ይወጣል። ግዙፍ ዛጎሎችም ይታያሉ፤ ሰውን ይዘው ያሰምጣሉ የሚባለው ግን ተረት ነው።

ጥንቃቄ

ላጉኑ የተረጋጋ ቢመስልም ውሃው ይንቀሳቀሳል። ማዕበል በአጥሩ ላይ አልፎ ውሃ ያስገባል፤ የገባውም በአጥሩ ክፍተቶች በኩል ተመልሶ ይወጣል። በክፍተቶቹ አጠገብ ያለው ጅረት ጎበዝ ዋናተኛን እንኳ ወደ ውቅያኖስ ሊወስድ ስለሚችል መራቅ ያስፈልጋል። በጅረት የተያዘ ሰው ፊት ለፊት ከመታገል ይልቅ ወደ ጎን መዋኘት፣ ካልሆነለትም እየተንሳፈፈ እጁን አንሥቶ እርዳታ መጥራት አለበት። ብቻ መዋኘት አይመከርም።

መርዛማው የድንጋይ ዓሣ ከድንጋይ ስለማይለይ ጫማ ማድረግ ይጠቅማል። ኮራል ላይ መቆም እግርን ይቆርጣል፤ ለዓመታት ያደገውንም በቅጽበት ይሰብራል። ከፀሐይ ለመከላከል ኮራልን ሊጎዱ ከሚችሉ ቅባቶች ይልቅ እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ልብስ ይሻላል።

ከግንቦት እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ቀዝቀዝ ያለና ደረቅ ነው። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2010 ፓት የተባለው አውሎ ነፋስ በደሴቷ ብዙ ቤቶችን አፍርሷል።