ሙቀትና የብርሃን መስመር በጅቡቲ

በሐምሌ አዲስ አበባ በዝናብ ስትቀዘቅዝ፣ ጅቡቲ ከተማ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ትግላለች፤ ኸምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስም ይጨመርበታል። ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው የፋይበር ገመድ ከባሕር ስር ገመዶች ጋር የሚገናኘው በዚህች ከተማ ነው። ከእነዚህ ገመዶች መካከል ሲኮም እ.ኤ.አ. በ2009፣ ኤኤኢ-1 በ2017 ሥራ የጀመሩ ሲሆን ሁለቱም እዚህ ወደ የብስ ይወጣሉ።

መስታወቱ ራሱ ሙቀትን ይችላል። እንደ ፀጉር የቀጠነው የሲሊካ ክር በ10 ዲግሪ ቢሞቅ፣ በኪሎ ሜትር የሚረዝመው 5 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። የፕላስቲክ ልባሱ ግን በሙቀት ብዙ ይለጠጣል፣ በቅዝቃዜ ብዙ ይኮማተራል። ስለዚህ ክሩ በልባሱ ውስጥ ትንሽ ትርፍ ርዝመት ይዞ በልቅ ይቀመጣል። ይህ ባይሆን ልባሱ ሲኮማተር ክሩን ያጣምመዋል፤ በተጣመመበት ቦታም ብርሃኑ ወደ ውጭ ያመልጣል።

ሙቀት ክፉኛ የሚጎዳው በክሩ ጫፍ ያለውን ሌዘር ነው። በአንድ ክር ውስጥ በርካታ የብርሃን ሞገዶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መልእክት ይዘው ጎን ለጎን ይጓዛሉ። በአንድ የተለመደ አደላደል በጎረቤታሞቹ ሞገዶች መካከል ያለው ልዩነት 0.8 ናኖሜትር ነው። የሌዘሩ ሙቀት አንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ሞገዱ በ0.1 ናኖሜትር ገደማ ይረዝማል። ስምንት ዲግሪ ከሞቀ የጎረቤቱን ቦታ ይይዛል፤ ሁለቱም መልእክቶች ይበላሻሉ።

ለዚህ መድኃኒቱ ከሌዘሩ ሥር የሚገጠመው ፔልቲየር የተባለ ትንሽ ማቀዝቀዣ ነው። ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ሲያልፍበት ያቀዘቅዛል፤ አቅጣጫው ሲገለበጥ ያሞቃል። ሙቀት ለኪው በሚሰጠው ምልክት እየተመራ ሌዘሩን በአንድ ልክ ያቆየዋል። ነገር ግን ከሌዘሩ የወሰደውን ሙቀት ወደ ክፍሉ ነው የሚያወጣው። ክፍሉ ከጋለ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ እያደር አቅም ያንሰዋል፣ የሌዘሩም ዕድሜ ያጥራል።

ቁም ነገሩ ቅዝቃዜ ብቻ ሳይሆን መረጋጋት ነው። የቀይ ባሕር ጥልቅ ውኃ 21 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም ዓመቱን ሙሉ ብዙም ስለማይለዋወጥ፣ በዚያ የተቀመጡት የብርሃን ማጉያዎች የሙቀት መዋዠቅ አያሰጋቸውም። በከተማው ያሉት መሣሪያዎች ግን ያለ ኤር ኮንዲሽነር አይዘልቁም፤ ኤር ኮንዲሽነሩም ያለ ማቋረጥ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ኢትዮጵያ ለጅቡቲ ኃይል ትሸጣለች። ስለ ኢንተርኔታችን ስናቅድ እንግዲህ የኃይል መስመሩንና ማቀዝቀዣውን ከፋይበሩ እኩል ልንቆጥራቸው ይገባል።