ከተማ የደረሰበት ማሳ፦ ካሳው እንዴት ይሰላል?

ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ ሲወረድ ክረምት ላይ ውሃ የሚተኛበት ሰፊ ሜዳ አለ። ውሃው ሲጠነፍፍ ሣሩ ይታጨዳል፤ ድርቆሹ በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባ ላሉ ላሞች ይሄዳል። በሰበታ በኩል መሬቱ ጥቁር አፈር ነው፤ ጤፍና ሽምብራ ያበቅላል። ከቡራዩ ዙሪያ ወተት ማለዳ ከተማ ይደርሳል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ወተት ፈላጊው ይቀንሳል፤ ያኔ ይናጥና ቅቤ ሆኖ ፋሲካን ይጠብቃል። እነዚህ ቀዬዎች በከተማው ገበያ የኖሩ ናቸው። ችግሩ የሚመጣው ከተማው ወተቱን ትቶ መሬቱን ሲፈልግ ነው።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ስለዚህ ማሳው ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ የሚከፈለው የመሬቱ ዋጋ አይደለም፤ በላዩ ያለው ንብረትና የሚቋረጠው ገቢ ነው። ብዙ ቤተሰብ ይህን የሚረዳው ለኪዎቹ ደጁ ከደረሱ በኋላ ነው።

አዋጅ ቁጥር 455/1997 የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ እንዲከፈል አዞ ነበር። የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ገቢ ወስዶ በ15 ያባዛል። ለምሳሌ አንድ ሄክታር በደህናው ዓመት 100,000 ብር ቢያስገባ ካሳው 1,500,000 ብር ይሆናል። ብዙ ይመስላል። ሄክታር ግን 10,000 ካሬ ሜትር ነው፤ ለካሬ 150 ብር ማለት ነው። ያው መሬት ከተማ ገብቶ በሊዝ ሲቀርብ ዋጋው የሚጠራው በካሬ ነው።

ደላላ የሚገባው በካሳውና በሊዝ ዋጋው መካከል ባለው ክፍተት ነው። «ሳይወሰድብህ ሽጠው» ይለዋል ገበሬውን። ቤት ያጣ የከተማ ሰውም «የገበሬ ቦታ» ብሎ ይገዛል፤ ውሉ በሕግ ፊት ስለማይጸና ያቆመው ጨረቃ ቤት አንድ ቀን ይፈርሳል። ለሁለቱም አዝናለሁ።

ይህ ቁስል ቀላል አይደለም። በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባንና ዙሪያዋን የሚያቀናጀው ማስተር ፕላን ተቃውሞ አስነሳ፤ ሕይወት ከጠፋበት በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. ቀረ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ገብተዋል። ማሳዎቹ ዛሬ በከተማ ክልል ውስጥ ናቸው።

ከሁሉ የሚጎዳው ገንዘቡ ባንዴ መምጣቱ ይመስለኛል። ሣሩ በካሳው ይታሰባል፤ ሣሩ ሲጠፋ ግን ላሟም ትሸጣለች፣ የዕለቱ የወተት ገንዘብም ይቆማል። ዕድሜውን ከማረሻ ጋር ያሳለፈ ሰው በሚሊዮን ብር ምን ሊጀምር እንደሚችል ከጎኑ ሆኖ የሚያሳየው ያስፈልገዋል። አዋጁ ተነሺው በዘላቂነት እንዲቋቋም ያዛል፤ ያለዚህ ካሳው በጥቂት ዓመት ተበልቶ ያልቃል።

በእነዚህ አካባቢዎች ዘመድ ያላችሁ፣ የእህሉን፣ የሣሩንና የዛፉን ገቢ በየዓመቱ በደብተር እንዲይዝ እርዱት። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩንም ይጠብቅ። የማስለቀቂያ ትእዛዝ ደርሶት ቅሬታ ካለው በአዋጅ 1161 የተሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው።