ማድለቢያ «ከነሥራው» ሲሸጥ የሚሸጠው ምኑ ነው?

ዛሬ የሰሊጥም የቡናም ዋጋ የለም፣ ስለ ከብት እናውራ።

ባለፈው ሳምንት ሲኒማ ራስ ፊት ለፊት ቡና ይዘን ቁጭ ባልንበት አንድ ደላላ ፋይል ታቅፎ መጣ። በአዳማ መስመር ያለ የበሬ ማድለቢያ ነው። በረቱ 120 ከብት ይይዛል፣ ገንዳ አለው፣ ጉድጓድ አለው፣ 64 በሬ ውስጡ እየበላ ነው። «ጋሼ፣ ከነሥራው ነው የሚሸጠው፤ ገብቶ ብር መቁጠር ብቻ ነው» አለኝ። ገዥው የማውቀው የገበሬዎች ዩኒየን ነው። ሰብሳቢው ዓርብ ቀብድ ሊከፍሉ ነበርና «አንድ ጊዜ እይልን» አሉኝ። በውስጥ መስመርም ተመሳሳይ ጥያቄ ስለበዛ ያየሁትን እዚሁ ልጻፈው።

ፋይሉን ስከፍት ከጠቅላላው ዋጋ ከግማሽ በላይ የሚሆነው «መሬት 3 ሔክታር» በሚል የተጻፈ ነው። በብራዚል ወይም በፓራጓይ የከብት እርሻ ሲሸጥ ዋጋው በሔክታር ይቆረጣል፤ መሬቱ በገዥው ስም ይዞራል፣ አለቀ። እዚህ አይሠራም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ 3 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ንዑስ 7 ደግሞ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ የገነባው ቋሚ ንብረት፣ ያደረገውም ቋሚ ማሻሻያ የራሱ ነው፤ መሸጥ መለወጥ ይችላል ይላል። ስለዚህ ሻጩ ሊሸጥ የሚችለው በረቱን፣ ጉድጓዱንና አጥሩን ነው፤ በዚያ ላይ ሕጉና ውሉ የሚፈቅዱለት ከሆነ የቀረውን የመጠቀም ዘመን። ሔክታር ብሎ ዋጋ የጻፈ ሰው የሌለውን እየሸጠ ነው።

ጥያቄው እንግዲህ «ስንት ሔክታር ነው?» ሳይሆን «ስንት ዓመት ቀረው፣ ከማን የተያዘ ነው?» የሚለው ነው። የከተማ ሊዝ ከሆነ በአዋጅ 721/2004 መሠረት ይታያል። ከክልል የተወሰደ የኢንቨስትመንት መሬት ከሆነ የሰጠው አካል ሳያውቅ ዝውውር የለም። ከገበሬ የተከራየ ከሆነ ውሉ ወረዳ ላይ መመዝገቡ መረጋገጥ አለበት። በዚህ ፋይል ውስጥ ሦስተኛው ዓይነት ተደብቆ አገኘሁት። የበረቱ አንድ ክንፍና የድርቆሽ መጋዘኑ ያረፉት ከጎረቤት ገበሬ በመንደር ውል በተያዘ መሬት ላይ ነው። ሁለት ምስክር አለው፣ ማኅተም የለውም። ገበሬው ነገ «መሬቴን» ቢል ዩኒየኑ ግማሽ በረት ገዝቶ ሊቀር ነው።

ይህ በወረቀት ይስተካከላል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን የትርፍ ሒሳቡ ነው።

ሻጩ ያቀረበው የ2015 ዓ.ም. መዝገብ ነው። ያማረ ነው፣ ውሸትም ነው ብዬ አላምንም። ግን 2015ን አስታውሱ። ቦረና ዝናብ ለአምስት ተከታታይ ወቅቶች ያጣበት ድርቅ መጨረሻ ነበር። አርብቶ አደሩ ከብቱ ሳይሞትበት ባገኘው ዋጋ ይሸጥ ነበር። ያቤሎና ዱብሉቅ ገበያ ላይ አጥንቱ የወጣ ወይፈን በርካሽ ተገዝቶ አዳማ ሲገባ ሁለት ጊዜ ያተርፋል። አንደኛ በግዢው ዋጋ። ሁለተኛ ደግሞ ተርቦ የከረመ ከብት ምግብ ሲያገኝ ከሌላው ፈጥኖ ሥጋ ስለሚይዝ። የዚያ ዓመት ትርፍ የበረቱ ጉብዝና አልነበረም፣ የቦረና መከራ ነው። ዝናብ በዘነበበት ዓመት ከብቱ ግጦሽ አግኝቶ ወፍሮ ነው የሚመጣው፤ ባለቤቱም አይቸኩልም፣ በሞያሌ በኩል የሚጠብቀው ሌላ ገዥ አለ።

በቁጥር እንየው። እንበል በሬው 260 ኪሎ ሆኖ ገባ፣ 95 ቀን ተቀለበ። በቀን 900 ግራም ከጨመረ 85 ኪሎ ገደማ ያተርፋል። የሚበላው ደረቅ መኖ ከክብደቱ 3 በመቶ ቢሆን በቀን 9 ኪሎ፣ በ95 ቀን 855 ኪሎ ነው። አንድ ኪሎ ሥጋ በቁሙ ለመጨመር 10 ኪሎ መኖ ማለት ነው። እዚህ ላይ ቁሙ። የመኖ ቅይጡ በኪሎ 1 ብር ቢወደድ በአንድ በሬ 855 ብር፣ በ100 በሬ 85,500 ብር ሄደ፤ ይህ በአንድ ዙር ብቻ ነው። በዓመት ሦስት ዙር ከሆነ 256,500 ብር። በግዢ በኩል ደግሞ የቁም ዋጋው በኪሎ 20 ብር ቢጨምር በ260 ኪሎ 5,200 ብር ነው፤ በ100 በሬ 520,000 ብር በአንድ ዙር! ስለዚህ የ2015 መዝገብ ለዛሬ ገዥ ታሪክ እንጂ ሒሳብ አይደለም። በዚያ ላይ ያ መዝገብ የተጻፈው ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት፣ ዶላር በባንክ ከ58 ብር በታች በነበረበት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ያልተነካ ዋጋ የለም፤ ፋጉሎውም ፉርሽካውም የጭነት ኪራዩም።

ሰብሳቢውን «መኖ ከየት ነው የሚመጣው ብላችሁ ጠየቃችሁ?» አልኳቸው። «ሞላሰስ ከስኳር ፋብሪካ፣ የብቅል ተረፈ ምርት ከቢራ ፋብሪካ ኮታ አለው ብለውናል» አሉ። ኮታው በማን ስም ነው? ዝም አሉ። በሻጩ ስም ከሆነ ሻጩ ሲወጣ አብሮት ይወጣል። ለእኔ የሚሠራ ማድለቢያ ማለት ይሄ ነው፣ መኖ በተወሰነ ቀንና በታወቀ ዋጋ በሩ ላይ የሚደርስለት። ባዶ በረትማ ማንም ይሠራል። 120 የሚይዝ በረት 64 ብቻ ይዞ ማየቴም ያው ነው የሚነግረኝ፤ ወይ የመኖ ብር አጥሯል፣ ወይ የመኖ መስመሩ ተቋርጧል።

በሬዎቹን በተመለከተ አጭር ነገር፣ ከራሴ ኪስ የወጣ። በ2012 ከአንድ ሰው የደለቡ በሬዎች በሚዛን ገዛሁ። ከሰዓት በኋላ መዘንን፣ ጨው ልሰው ውሃ ጠጥተው ነበር። አንድ በሬ በአንድ ጊዜ 20 ሊትር ከጠጣ 20 ኪሎ ነው፤ ሽንት ሆኖ ሲወጣ ብሩ አይመለስም። 64 በሬ ላይ 1,280 ኪሎ ውሃ በሥጋ ዋጋ አስቡት። ስለዚህ ከብቱ ከበረቱ ዋጋ ተለይቶ፣ ርክክቡ ቀን ጠዋት ውሃ ሳይቀምስ ይመዘን፣ ሚዛኑንም ገዥ ይዞ ይሂድ። የክትባት ወረቀትም ይጠየቅ፤ ጉርብርብ ወይም የሳንባ በሽታ ያለበት በረት ከተገዛ የሚመጣው ከብትም አይተርፍም፣ ላኪም አይነካችሁም።

ስለ ላኪ ካነሳን፣ ሻጩ «ኤክስፖርት ስታንዳርድ ነው» ብሏል። የላኪነት ፈቃድና የብቃት ማረጋገጫ የባለፈቃዱ ነው፣ ከበረት ጋር አይሸጥም። ገበያውም በአንድ ደብዳቤ የሚዘጋ ገበያ ነው፤ በ1993 መግቢያ ሳዑዲና የባሕረ ሰላጤው አገሮች በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት የአካባቢያችንን የቁም ከብት ሲያግዱ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። እኔ ብሆን ሒሳቤን በአገር ውስጥ ዋጋ እሠራና የውጭውን እንደ ምርቃት አየዋለሁ። የአገር ውስጡ ደግሞ ቀን አለው። በሁዳዴ 55 ቀን ሥጋ ቤት ይቀዘቅዛል፣ ለፋሲካ ይነሳል። ለፋሲካ የሚደርስ በሬ ጥር ሳይጋመስ በረት መግባት አለበት። አረፋ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚመጣ ዙሩን በየዓመቱ እንደገና መቁጠር ነው።

ሠራተኛውንም አትርሱ። በአዋጅ 1156/2011 ድርጅት ባለቤት ስለቀየረ ብቻ የሥራ ውል አይቋረጥም። የአሥር ዓመት ቀላቢ ከነአገልግሎት ዘመኑ ወደ እናንተ ይዞራል። (እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከበረቱ ሁሉ የሚሻለው ንብረት ነው፤ የትኛው በሬ መኖ እንዳቆመ ከሻጩ በፊት የሚያውቅ እሱ ነው።)

ዩኒየኑ ዓርብ ቀብድ አልከፈለም። ሰብሳቢው ያቀረቡት አዲስ ሐሳብ እንዲህ ነው። የመሬት ዋጋ ከወረቀቱ ይውጣ፤ በረቱና ጉድጓዱ በገለልተኛ መሐንዲስ ይገመት፤ የመንደር ውሉ ወረዳ ላይ ይመዝገብ ወይም ያ ክንፍ ከዋጋው ይቀነስ፤ የመኖ ኮታው በዩኒየኑ ስም እስኪዞር ከክፍያው አንድ ሦስተኛው በባንክ ታግዶ ይቆይ። ደላላው ፊቱ ጠቆረ፣ «እንዲህ አድርጎ የሚሸጥ የለም» አለ። ሻጩ ግን ስልክ ደውሎ ማክሰኞ ጠዋት ኑ ብሏል። እኔም ሚዛኑን ይዤ አብሬ እሄዳለሁ።

የፋጉሎና የፉርሽካ ዋጋ ነገ ጠዋት እንደተለመደው እለጥፋለሁ።