ከፈጥኖ ደራሽ እስከ ሜጫና ቱለማ፦ የጄኔራል ታደሰ ብሩ መንገድ

በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ፖሊስ የሚሆን አፍሪካዊ የሹመቱን ጣሪያ ገና ሲቀጠር ያውቀው ነበር፤ ዘብ ይቆማል፣ ሌባ ያሳድዳል፣ አዛዡ ግን ነጭ ነው። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ1960 ነፃ ወጥታ እንኳ የመጀመሪያው ናይጄሪያዊ የፖሊስ አዛዥ ሉዊስ ኤዴት የተሾሙት በ1964 ነው።

እኛ ቅኝ አልተገዛንም፤ የእንግሊዝ እጅ ግን በፖሊሳችን ውልደት ላይ አለ። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ አገሩን ለጊዜው ያስተዳደረው የእንግሊዝ ጦር ነበር። በጥር 1934 የኢትዮጵያና የእንግሊዝ መንግሥታት ስምምነት ተፈራረሙ፤ በዚያው ዓመት የፖሊስ አዋጅ ቁጥር 6 ወጣ፤ ኃይሉን በማደራጀቱም እንግሊዛውያን መኮንኖች ተሳተፉ።

የሰላሌው ታደሰ ብሩ የዚህ ዘመን ልጅ ናቸው። የሕይወት ታሪካቸው እንደሚያወሳው ጣሊያን ወደ ሞቃዲሾ አጋዛቸው፤ እንግሊዞች ሶማሊያን ሲይዙ ተፈትተው ኬንያ ውስጥ ሠለጠኑ። በኋላ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ሆለታ በገነት ጦር ትምህርት ቤት አለፉ፤ ከዚያም ፖሊስ ሆኑ። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የፖሊስ አዛዡ ጄኔራል ጽጌ ዲቡ ከአማፂዎቹ ጋር ሲሰለፉ፣ ታደሰ ከነፈጥኖ ደራሽ የፖሊስ ኃይላቸው ከንጉሠ ነገሥቱ ጎን ቆሙ።

በ1954 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካው የነፃነት ታጋይ ኔልሰን ማንዴላ በኮልፌ የሠለጠነው በእሳቸው ኃላፊነት ነው። ስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና በስምንት ሳምንት ተቋረጠ፤ የትግል ድርጅቱ ወደ አገሩ ጠራው። ሲሰናበት ታደሰ ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጡት። ነጮች የሚያዙትን ፖሊስ ሊታገል የወጣ ሰው ከአፍሪካዊ የፖሊስ መኮንን እጅ መሣሪያ ተቀበለ። በእኔ ዓይን ከሹመታቸው ሁሉ ይህ ይበልጣል።

ማዕረጉ ግን ሌላ ጣሪያ ነበረው፤ የታየውም ሕዝቡን ለማንቃት በተነሱ ጊዜ ነው። አምቦ ያኔ ሀገረ ሕይወት ተብላ የጅባትና ሜጫ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ገጠሩ የባለርስትና የጭሰኛ ነበር። በ1955 የተቋቋመው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ስሙን የወሰደው ከዚሁ አካባቢ ኦሮሞዎች ከሜጫና ከምሥራቅ ጎረቤቶቻቸው ከቱለማ ነው፤ ለትምህርት ቤት፣ ለመንገድና ለጤና ጣቢያ ገንዘብ ያዋጣ ነበር። ጄኔራሉ በ1956 ገቡበት። ዙፋኑን ያዳነ መኮንን ሕዝቡን ለትምህርት በማነሳሳቱ እንደ ጠላት መታየቱ የዚያ ሥርዓት ትልቅ በደል ነው።

በ1959 ታሰሩ፤ ሞት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠና ገለምሶ ተጋዙ። ከአብዮቱ በኋላ ሸፈቱ። የገጠር መሬት አዋጅ በወጣ በሳምንታት ውስጥ፣ በመጋቢት 1967፣ ደርግ ከኮሎኔል ኃይሉ ረጋሳ ጋር ረሸናቸው።