ስለ ራውተር ሶፍትዌር መለወጥና መጠባበቂያ ስለ መያዝ

በጉመር ወረዳ በአረቅጥ ከተማ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ራውተር ሁለት ቀን ሙሉ ያለ ሥራ ተቀምጦ አይተናል። መብራቱ ይበራል፤ ማራገቢያውም ይዞራል፤ ነገር ግን ማንንም ከማንም አያገናኝም። ምክንያቱን ብንጠይቅ አዲስ ሶፍትዌር ሲጫንበት ኤሌክትሪክ እንደ ተቋረጠ፣ አሮጌውም ለአዲሱ ቦታ እንዲለቅ ቀደም ብሎ ተሰርዞ እንደ ነበር ተነገረን። ሰዎቹን ለመውቀስ አንሻም፤ የእኛም የመጀመሪያ ሙከራ በቤተ ሙከራ ውስጥ ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ግን ያ ራውተር ነው።

እንደሚታወቀው በአገራችን ራውተር በብዛት ወደ ወረዳ የወረደው በ1990ዎቹ አጋማሽ ወረዳኔት የተባለው መረብ በተዘረጋ ጊዜ ነው። የመረቡ ዓላማ የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር ማገናኘት ነበር፤ የምድር መሥመር ባልደረሰበትም ስፍራ ሳተላይት አገልግሎአል። እንግዲህ መሣሪያው ከባለሙያው ቀድሞ ሩቅ አገር ደረሰ ማለት ነው።

ራውተር ራሱ ኮምፒዩተር ነው። በቆዩት የሲስኮ ራውተሮች ውስጥ አራት ዐይነት ማኅደረ ትውስታ ይገኛል። በሮም ውስጥ ሮሞን የሚባል ትንሽ የመቀስቀሻ ፕሮግራም አለ። በፍላሽ ውስጥ አይኦኤስ የተባለው ዋናው ሶፍትዌር ይቀመጣል። በኤንቪራም ውስጥ መሣሪያው ሲነሣ የሚያነበው ቅንብር፣ በራም ውስጥ ደግሞ አሁን በሥራ ላይ ያለው ቅንብር ይኖራል። ራም ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ባዶውን ይቀራል። ስለዚህ ፍላሹን ብቻ ቀድቶ «መጠባበቂያ ይዣለሁ» የሚል ሰው ግማሹን ብቻ ይዞአል፤ አድራሻው፣ መንገዱ፣ የይለፍ ቃሉ ሁሉ በሌላ ስፍራ ነውና።

ሥራው እንዲህ ይጀመራል። በሥራ ላይ ያለው ቅንብር በመጀመሪያ ወደ ኤንቪራም ይጻፋል። ከዚያም ቲኤፍቲፒ የተባለውን የፋይል ማስተላለፊያ በያዘ ላፕቶፕ ላይ ሶፍትዌሩም ቅንብሩም ይገለበጣሉ። አዲሱ ፋይል ከመምጣቱ በፊት ፍላሹም ራሙም ይበቁት እንደ ሆነ መመርመር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ፍላሹን አይቶ ራሙን ይረሳል። ፋይሉ ከደረሰ በኋላ ኤምዲ5 የሚባለው የማረጋገጫ ቁጥር አምራቹ ካወጣው ጋር ይነጻጸራል። ቦታ ካለ አሮጌው አይሰረዝም፤ አዲሱ በመጀመሪያ፣ አሮጌው በሁለተኛ ተራ እንዲነሣ ይታዘዛል። የጉመር ገበሬ ያለውን የዘር ድንች ሁሉ ቀቅሎ እንደማይበላ ማለት ነው።

አንዳንዶች ፋይሉን ከአዲስ አበባ በሳተላይት ለምን አንልክም ይላሉ። ይህን በሒሳብ እንየው። ቲኤፍቲፒ ፋይሉን 512 ባይት በሆኑ ጥቅሎች ከፍሎ ይልካል፤ ለእያንዳንዱም «ደርሶኛል» የሚል መልስ ሳይቀበል ሁለተኛውን አይልክም። ሳተላይቱ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ጥቅሉ ወጥቶ ወርዶ፣ መልሱም ወጥቶ ወርዶ እስኪመጣ ግማሽ ሰኮንድ ያህል ያልፋል። ሠላሳ ሜጋባይት ፋይል 61,440 ጥቅል ይሆናል። ይህም ከ8 ሰዓት በላይ ነው፤ መሥመሩን ቢያሰፉትም አይፈጥንም፤ የሚያዘገየው ጥበቱ ሳይሆን ርቀቱ ነውና። በኋላ ጥቅሉን ማተለቅ ተፈቅዶአል፤ ነገር ግን ሁለቱ ወገኖች ካልተስማሙበት ወደ 512 ይመለሳሉ። ኤሌክትሪክ 8 ሰዓት ሳይቋረጥ ይቆያል ብሎ መወራረድ ደግሞ የአንባቢው ፈንታ ነው። ስለዚህ ፋይሉን በፍላሽ ዲስክ ይዞ በመኪና ወደ አረቅጥ መውጣት ይቀላል። ላፕቶፑንና ራውተሩን በአንድ ገመድ ካገናኙ በኋላ፣ ዩፒኤሱንም ከፈተሹ በኋላ መጫን ይቻላል።

ጨርሶ አለመለወጥስ አይሻልም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። በ2010 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ማለቂያ፣ ሲስኮ አዳዲስ መሣሪያዎችን ከሩቅ ለመጫን ባዘጋጀው ስልት በኩል ሰርጎ ገቦች በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ስዊቾችን ቅንብር አጥፍተዋል፤ በኢራን ብቻ 3,500 ያህል እንደ ተጎዱ በጊዜው ተገልጾአል። የቅንብር ግልባጭ የነበረው ሰው መልሶ ጫነ፤ ያልነበረው እንደ አዲስ ጻፈ።

ወደ አረቅጡ ራውተር እንመለስ። ፍላሹ ባዶ ቢሆንም ሮሞን ስላልተነካ መሣሪያው አልሞተም ነበር። የአገልግሎት ውል የሌለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉን ከአምራቹ ማውረድ አይችልም፤ የራሱን ግልባጭ ቢይዝ ኖሮ ግን ይህ ችግር ባልደረሰበት። በመጨረሻ ውል ካለው ክፍል ለዚያው ሞዴል የሚሆን ፋይል በወልቂጤ በኩል በሁለተኛው ቀን መጣ። በኮንሶል ገመድ፣ ኤክስሞደም በተባለው ስልት፣ በተለመደው 9,600 ቢት ፍጥነት ቢሆን 9 ሰዓት በፈጀ ነበር፤ ፍጥነቱን ወደ 115,200 ከፍ ብናደርገው ግን አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ቅንብሩም በኤንቪራም ውስጥ ስለ ነበረ በሰላም ተነሣ።

ሆኖም አንዱ ክፍል አሁንም አልተገናኘም። ከጥቂት ሳምንት በፊት አንድ ባለሙያ አዲስ መንገድ ጨምሮ ወደ ኤንቪራም ሳይጽፈው ሄዶአል፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥም ያ አንድ መሥመር ከራሙ ጋር ጠፋ። ያንን መሥመር ፈልገን ለማግኘት ሶፍትዌሩን ከመጫን የበለጠ ጊዜ ወሰደብን።