የዶሮ ወጡ ድስት ከበዓሉ ማግስት

ለፋሲካ ዶሮው በ12 ብልት ተገንጥሎ፣ ቁሌቱ ሲንተከተክ ቤቱ በዓል በዓል ይሸታል። ከ55 ቀን ጾም በኋላ ማን ይታገሳል?

በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት ግን በበዓል ማግስት በተቅማጥና በትውከት የተዳከመ ሕፃን ወይም አዛውንት ሳይመጣ አይቀርም ነበር። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የአያያዝ ነው።

ሎሚና ጨው የዶሮውን ጠረን ያጠፋሉ እንጂ ጀርሙን አይጨርሱትም፤ የሚገድለው እሳት ነው። ሥጋው ከአጥንቱ በቀላሉ እስኪላቀቅ ይብሰል። ዶሮ የተገነጠለበትን ቢላዋና መክተፊያ በሳሙና ሳያጥቡ ሰላጣ አይክተፉበት።

የተረፈውን ወጥ በትልቁ ድስት እንዳለ አያሳድሩት፤ መሃሉ ቶሎ አይቀዘቅዝም። በትናንሽ ዕቃ ከፋፍለው፣ ከምድጃ ከወረደ 2 ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ ያስገቡት። ፍሪጅ ከሌለ የሚበላውን ያህል ብቻ ይሥሩ፤ የተረፈውንም ትኩስ ሳለ ከጎረቤት ጋር ይቃመሱት። በማግስቱ ለብ አድርጎ ማቅረብ አይበቃም፤ የሚበላውን ብቻ ቀንሰው እስኪንተከተክ ያፍሉት።

የልጅ ልጅዎን ከማጉረስዎ በፊትም እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ንጹሕ ሲሆን ደግሞ ጤናም ነው።

መልካም በዓል!